አልቃሿ ታንጉትና ያልተወለዱት ሟቾች

ዳባት ውስጥ ሰው ሲሞት ከቄስ ቀጥሎ የምትጠራው ታንጉት ነበረች። ቄሱ ለነፍሱ፣ ታንጉት ለስሙ። ሞት በተሰማበት ቤት ሰው ሳይሰበሰብ ቀድማ ትገባና ከሟቹ እናት ወይም ሚስት አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ይወድ ነበር፣ ከማን ጋር ተኳርፎ ሳይታረቅ ቀረ፣ ጌታውን ሲያይ የሚያገሣው በሬስ የትኛው ነው። ይህን ሁሉ ሰምታ፣ የሚባለውን ከማይባለው ለይታ፣ ለቅሶው ሜዳ ላይ በዜማ ታወርደዋለች። ድምጿ እንደ ሌሎች አልቃሾች ቀጭን አልነበረም፤ ትንሽ የሻከረ ነበር። ግን እሷ ካወረደች፣ ከሟቹ ጋር በድንበር ተካሶ የኖረው ጎረቤት ሳይቀር ጋቢውን ወደ ዓይኑ ይሰድ ነበር።

ከለቅሶ ሜዳ ውጭ ያያት ሰው ግን ይህች አልቃሽ ናት ቢባል አያምንም። ሳቂታ ናት፣ ተረበኛ ናት፣ ጠላዋ የተመሰገነ ነው። አንድ ጠባይ ብቻ አለባት፤ ለጠያቂ አትመልስም። እንዲያውም ትመልሳለች፣ ጠያቂው ግን ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። ዕድሜዋን የጠየቃትን ሰው፣ “አባቴ ይህን ቤት የሠራ ጊዜ ነው የተወለድሁ” ትለዋለች። ቤቱ መቼ ተሠራ ሲላት ደግሞ፣ “እኔ የተወለድሁ ጊዜ ነዋ” ትለውና ጠላውን ትጨምርለታለች። ጠላ እየተቀዳለት የሚቆጣ ሰው ደግሞ ዳባት ውስጥ አልተፈጠረም።

ይህ ጠባይ ያለ ምክንያት አልመጣባትም። አልቃሽነቱን ከእናቷ በተረከበች ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ሞተው “የወንዝ ዳሩ መሬት ጌታ” ብላ አወደሰቻቸው። መሬቱ የሳቸው ይሁን የወንድማቸው ገና ያልለየለት ነበርና፣ ልጆቻቸው ያንን ሙሾ አንጠልጥለው ፍርድ ቤት ሄዱ። አልቃሿም መስክራለች ተባለ። ታንጉት ክረምቱን ሙሉ በጭቃ እየዳከረች ጎንደር ስትመላለስ ከረመች፤ የሚጠይቋት ሁሉ እሷ የማታውቀውን ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ታንጉት አንድ ቃል ከአፏ ከማውጣቷ በፊት፣ ይህ ቃል ከእኔ ወጥቶ ማን ቤት ነው የሚያድረው ብላ ማሰብ ጀመረች።

ዘመኑ ተለወጠና ደርግ መጣ፤ ቀበሌ መጣ፤ ከቀበሌው ጋር የቀበሌው ሱቅ መጣ። ሊቀመንበሩ ሀብተ ሚካኤል ይባላል። ደባርቅ ተወልዶ፣ እናቱንና ታናሽ ወንድሙን ይዞ ዳባት የገባ፣ ጽሕፈቱ ያማረ ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ስኳር በየቤተሰቡ ቁጥር ሊታደል ነው፣ ለአዋቂ ሙሉ ለልጅ ግማሽ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ሀብተ ሚካኤልም ጠረጴዛውን ከሱቁ ደጃፍ አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

ያን ቀን ዳባት በሕዝብ ብዛት ጎንደርን ልታክል ምንም አልቀራት። ጎንደር የተዳረችው ልጅ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ተዝካሩ የተበላለት አያት ተነሣ። የክርስትና ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ ለገበያ መጥቶ ያደረ እንግዳ፣ ሁሉም ቤተሰብ ሆነ። ከሁሉም የባሰችው ግን የታንጉት ጎረቤት ሸጊቱ ናት። ሸጊቱ ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ትንሽ ሴት ልጅ በቀር የሌላት ሴት ነበረች። ተራዋ ሲደርስ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደውብኛል አለች።

“ዕድሜያቸው ስንት ነው?” አላት ሀብተ ሚካኤል።

“ለአዋቂ ሙሉ ነው ያልኸው?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ዋሴ ሃያ፣ ታገኘ አሥራ ዘጠኝ።”

ታንጉት ቀጥላ ቆማለች። እሷ አንድ ልጅ ነበራት፤ ዝናቡ ይባላል። እሱም የእውነት ልጅ ነው፤ አምጣ የወለደችው። ከስሜን ተራራ ላይ፣ ውርጭ አገር አምባራስ የሚኖረው ወንድሟ እርሻ የሚያግዘው ስላጣ፣ ዝናቡ ለአንድ ክረምት ብሎ ሄዶ እዚያው ከአጎቱ ቤት ለምዶ ቀርቶ ነበር።

“ከእርስዎ ጋር የሚኖር ማነው፣ እትዬ ታንጉት?”

“ዛሬ እንኳ እንግዳ አልመጣብኝም።”

“ልጅስ?”

“ልጅ የእግዜር ነው፣ ሀብተ ሚካኤል። አንተ እኔን ጻፈኝ።”

ጻፋት። ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሸጊቱ በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣ “ዝናቡን ትተሽው? ሙሉ ድርሻ እኮ ነው!” አለቻት።

“ስኳሩን የምቀበለው እኔ፣ የምጠጣው እኔ። የልጄን ዕድሜ ምን ያደርጉበታል? ደግሞስ የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል።”

“አንቺማ ሥራሽ ማልቀስ ነው” አለች ሸጊቱ።

እውነቱን ለመናገር ታንጉት ነቢይ አልነበረችም። ሊመጣ ያለውን አላወቀችም፤ ማንም አላወቀም። ለስኳር የማያስፈልግ ነገር ለስኳር ሲጠየቅ ደስ አላላትም፣ ይኸው ነው። በዚህም የተነሣ ያን ዓመት ሙሉ እንግዶቿ ሻያቸውን በጨው ጠጡ፤ ሸጊቱ ቤት ደግሞ ሻዩ ማር ማር ይል ነበር። ሰፈርተኛውም ታንጉትን ባየ ቁጥር “የብቻዋ እመቤት” እያለ ሲተርባት ከረመ። እሷም አብራ ሳቀች።

በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ሀብተ ሚካኤል አዲስ ነገር መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የተጻፈው እጁ ላይ ነበር። ማን ቤት ስንት ጎረምሳ እንዳለ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ እናቶቹ ራሳቸው ተሻምተው ነግረውታል። የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም ሳይቀር በመጀመሪያው ዙር ሄደ፤ ይህን ያየ ሰው እሱን ለመለመን እንኳ አፍ አጣ። ያ ሰሞን ዳባት ላይ ከባድ ነበር። ታንጉትን ማንም አልተረባትም፤ ዝናቡም በማንም አፍ አልተነሣም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ ዝም አለ።

ከዚያ የሸጊቱ ተራ ደረሰ። ዋሴና ታገኘ ተጠሩ።

“ሁመራ ናቸው” አለች።

“ይምጡ” አላት ሀብተ ሚካኤል። “የገበያው ቀን ሁለት ጊዜ ሳይዞር ካልመጡ ሰው በደበቀ ላይ የሚጣለው ቅጣት በእርስዎ ላይ ይሆናል። ስማቸው ለአውራጃ አልፏል፤ እኔም ልመልሰው አልችልም።”

ሸጊቱ በማግስቱ ጧት ታንጉት ቤት መጥታ መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

“ምን ይሻለኛል እታለም? አልተወለዱም ብል ልታሰር ነው፣ ተወለዱ ብል ልታሰር ነው።”

“በስኳሩ ጊዜ መወለዳቸውን ማን አዘዘሽ?”

“ግማሽ ድርሻ ላደርጋቸው አስቤ ነበር እኮ፤ ስግብግብነቴ ነው ያሳደጋቸው።” አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “አንድ እንኳ ባገኝ ሌላው ጠፋ ብዬ እምል ነበር። አንድ ጎረምሳ ብቻ” አለች። ይህን ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዝናቡ ዋሽንት ሄደ።

ታንጉት ዓይኗ የሄደበትን አየች። ሸጊቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አብረው ቡና ጠጥተዋል፣ አብረው ባል ቀብረዋል። ግን የፈራ ሰው አፉ ከልቡ ይቀድማል። ታንጉት ከወረቀት ሸሸች፤ ከጎረቤት ግን ወዴት ትሸሻለች? ዝናቡን ሸጊቱ ታውቀዋለች፤ አምባራስ እንዳለም ታውቃለች። አንድ ቃል ይበቃል።

ታንጉት ጠላ ቀዳችላትና ራሷም ቀዳች። ከዚያ፣ “እንግዲያው ይሙቱ” አለች።

“እነማን?”

“ልጆችሽ።”

ሸጊቱ ጠላውን ከአፏ አወረደች። ጥቂት አሰበችና፣ “ሁለቱም?” አለች። “ታገኘ እንኳ ገና ልጅ ነበር።”

“ሁለቱም። በወባ። የሁመራ ወባ ታላቅና ታናሽ አይለይም።”

የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ሄደው ነገሩን ከሥር መሠረቱ ነገሯቸው። አባ እየሰሙ ጢማቸውን ሲነጩ ቆዩና፣ “እኔ ላልተወለደ ነፍስ ፍትሐት አላደርግም” አሉ። “መርዶ ንገሩ ብትሉኝም አልናገርም። ለቅሶውን ግን እደርሳለሁ። ወንድ ልጅ የሌላት ሴት ለሌላት ወንድ ልጅ ብታለቅስ ውሸት ነው ብዬ አልፈርድም።” ሸጊቱን ቆጣ ብለው አዩዋት። “ስለ ስኳሩ ግን ንስሐ አለብሽ። በሁዳዴ ማርም ስኳርም አትቀምሺም።”

ታንጉት ሥራዋን እንደ ወትሮው ያዘች። ሌላ አልቃሽ ብትሆን ያገኘችውን ግጥም ደርድራ ትሄድ ነበር፤ ታንጉት ግን ከሟቾቹ እናት አጠገብ ተቀምጣ ጠየቀች። ዋሴ ምን ይወድ ነበር? ሸጊቱ መጀመሪያ አፈረች። ኋላ ግን፣ ዋሴ ዝምተኛ ነው አለች፤ ግራኝ ነው፤ ትኩስ ዳቦ ይወዳል። ታገኘስ? እሱማ ቀበጥ ነው፣ እልኸኛ ነው፣ ጸጉሩን ሲላጭ ያለቅሳል። እያወራች እንባዋ ወረደ። ባሏ ሳይሞት በፊት ልትወልዳቸው ያሰበቻቸው ልጆች መሆናቸውን ታንጉት ያን ጊዜ ገባት፤ ስኳሩን አንስታ ዳግመኛ አልቀለደችባትም።

መርዶው ጎሕ ሲቀድ ተረዳ። ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ መጣ። ሟቾቹ እንዳልነበሩ የማያውቅ አንድም ሰው የለም፤ ቢሆንም ዛሬ ለሰው ያልደረሰ ነገ ማን ይደርስለታል? ደግሞም በስኳሩ ቀን ዘመድ የፈጠረው ሁሉ፣ የራሱን እንዴት አድርጎ እንደሚቀብር ሊማር ሳይመጣ አልቀረም። በለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ተይዞ ይለቀሳልና ልብስ ማግኘት አስቸግሮ፣ ከአንድ ጎረቤት ቤት ሱሪ ተዋሱ። ባለ ሱሪው ሳይነገረው ኖሮ፣ ለቅሶው ሜዳ ላይ የገዛ ሱሪው ወደ ላይ ተይዞ ሲወደስ አይቶ ለረጅም ጊዜ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሀብተ ሚካኤልም መጣ። ከወንዶቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ዱላው ላይ አስደገፈ። ታንጉት አየችውና መሐል ገባች።

“እናቱ ሳትጠግበው፣ ጎረቤት ሳያየው፣
ከሰው ዓይን የራቀን ምን ክፉ ዓይን ለየው።”

ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዳንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ከሥሩ ትስቅ ይሁን ታለቅስ እግዜር ይወቅ። ታንጉት ቀጠለች።

“ጫማው አልተገዛ፣ ልብሱ አልተለካ፣
እናት የማያስቸግር ልጅ እንዲህ አለ ለካ።”

አባ ወልደ ገብርኤል ድንገት ሳል ያዛቸው። ባለ ሱሪው ጀርባውን አዞረ። ነገሩ ሁሉ እንዲሁ በሳቅና በለቅሶ መካከል ያልቅ ነበር፤ ሸጊቱ ባትኖር። ሸጊቱ ግን ከልቧ ታለቅስ ነበር፤ “ዋሴ ዝምታው፣ ታገኘ እልኸኛው” እያለች ደረቷን ትደቃ ነበር። ያንን ሲያዩ ልጆቻቸው የሄዱባቸው እናቶች አንድ በአንድ ተነሡ። እስከዚያ ቀን ድረስ እነሱም በአደባባይ አላለቀሱም፤ ልጁ በሕይወት እያለ ሟርት ነው ተብለው ዝም ብለዋል። አሁን ግን ለቅሶ ተገኘ። ሜዳው ተናጠ።

ያን ጊዜ ነገሩ ከታንጉት እጅ አመለጠ። ዝናቡን ካየችው ስንት ጊዜ ሆኗታል። መንገድ ላይ ማን ያየኛል ብላ ሄዳ አልጠየቀችውም፤ ማን ይሰማኛል ብላ ስሙን ቤቷ ውስጥ እንኳ ጮክ ብላ አልጠራችውም። ናፍቆት በአፍ የማይወጣ ሲሆን እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቀችው። ሳታስበው ድምጿ ከፍ አለ።

“ከተራራው ማዶ ውርጭ ለሚያድርበት፣
የናቱን ጋቢ ማን ወስዶ ጣል ያርግበት።”

ተቀባዮቹ ግጥሙን አፋቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ። ሁመራ በረሃ ነው፤ ሟቾቹ የሞቱት ከሙቀቱ አገር ነው። ውርጭ የሚያድርበት ማነው? ታንጉት ያለችውን ያን ጊዜ ራሷ ሰማችው። ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረችው አፏ በገዛ ሥራዋ ላይ ከዳት። ሀብተ ሚካኤል አገጩን ከዱላው ላይ አንሥቶ ያያት ነበር።

ያን ጊዜ ሸጊቱ ከመሐል ተነሣች። የታንጉትን ልጅ አሳልፋ ትሰጣለች ተብላ የተፈራችው ሸጊቱ ናት። ፀጉሯን ይዛ፣ “ወባው ነው! እንደዚያ ውርጭ እንደመታው ሰው እያንቀጠቀጠ ነው የገደለብኝ! ጋቢ ስጡኝ እያለ ነው የሞተ፣ እናት ዓለም!” ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹም ገባቸውና፣ “ውይ ወባ፣ ውይ ብርዱ” እያሉ ግጥሙን ከአፏ ነጥቀው ተቀበሉት። ታንጉትን ግራና ቀኝ ደግፈው ከመሐል አወጧት። ስለ ውርጩ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ ሀብተ ሚካኤል ታንጉት ቤት መጣ። ብቻውን ነው፤ የያዘው ነገርም የለም። ታንጉት ጠላ ቀዳችለት።

“ዋሴንና ታገኘን ሞተዋል ብዬ ለአውራጃ አሳወቅሁ” አለ። “እንዳልተወለዱ ካወቅሁ እንኳ ቆይቻለሁ፤ በስኳሩ ሰሞን እናቴ ገበያ ሰምታ ስትስቅ ነግራኝ ነበር። ግን ፈርሜ ያሳለፍሁትን ውሸት ነው ብል ከሸጊቱ ጋር ታሳሪው እኔው ነበርሁ። እናንተ ባትቀብሯቸው እኔ በምን አቅሜ እቀብራቸው ነበር?”

“ነፍስ ይማር” አለች ታንጉት።

ሀብተ ሚካኤል እስኪበቃው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ጠላውን እያየ፣ “ያ የውርጩ ሙሾ ግን፣ እትዬ ታንጉት . . .” አለ።

ታንጉት ደክሟት ነበር። መደበቁ ደክሟታል፣ ፍርሃቱ ደክሟታል። ይህ ሰው ደግሞ ፊቱ ክፉ አልነበረም። “ልጄ . . .” አለች።

“አይንገሩኝ” አለና እጁን አነሣ። “ነገ አለቆቼ አስምለው ቢጠይቁኝ የማላውቀውን አልናገርም። ካወቅሁ ግን ራሴን አላምነውም። እርስዎ ብቻዎን ነዎት። ብቸኝነትዎን እግዜር ይጠብቅልዎ።”

“አሜን” አለች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እሱ ግን አልተነሣም። “እናቴ የስኳሩ ቀን ደስ ብሏት የወንድሜን ዕድሜ ጮክ ብላ ነገረችኝ” አለ። “እኔም ሙሉ ድርሻ ነው ብዬ እየሣቅሁ ጻፍሁት። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሲጠራም የጠራሁት እኔ ነኝ። ይኸው ከሄደ የላከው ቃል የለም፤ እናቴም ፊቴን አታይም።”

ታንጉት ከለቅሶ ቤት ውጭ ሰው ጠይቃ አታውቅም ነበር። አሁን ግን መደቡ ላይ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

“የክርስትና ስሙ ማነው?”

ሀብተ ሚካኤል ደነገጠ። “ሞቷል ብለሽ ነው?” አላት፤ አንቱታውን ረስቶ።

“አይደለም የኔ ልጅ። እንዲመለስ ልጸልይለት ነው።”

የቀበሌውን ሰው ሁሉ ስም የጻፈው ሀብተ ሚካኤል ዞር ብሎ በሩን አየ፤ ደጅ ማንም እንደሌለ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታንጉት ግን በየጧቱ ያንን ስም ከዝናቡ ስም ጋር አስከትላ ትጠራው ነበር፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለሚሰማት ለአንዱ ብቻ።